በሦስተኛው ቀን የተቆፈረ ዘር

ዘይባ የበርበሬ ዘር በገዛች በሦስተኛው ቀን ቡታጅራ ገበያ ወዳለው የዘር ሱቅ ተመለሰች።

«አልበቀለም» አለች።

ዑመይር ቀና ብሎ አያት። ከወልቂጤ መጥታ ፋርማሲ የምትሠራዋ ልጅ መሆኗን ያውቃል፤ ስሟን ግን ገና አልጠየቀም።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቆፍሬ አየሁት።»

«ስንት ጊዜ?»

ጥፍሮቿ ሥር አፈር ነበር። ማየቱን ስታውቅ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች።

አዲስ ዘር ሰጣት። የዘይት ጀሪካን ከወገቡ ቆርጣ ሥሩን በምስማር እንድትበሳ፣ ዘሩን ከጥፍር በላይ እንዳታጠልቅ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ እንድታርከፈክፍ ነገራት።

«በርበሬ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል» አላት። «እስከዚያ ጣትሽን አንሺ።»

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ስድስት ጊዜ መጣች። አንዴ ስለ ጥላ ጠየቀች፣ አንዴ ስለ ጉንዳን። ከዚያ በኋላ ያለ ጥያቄም ትመጣ ጀመር። አከራይዋ እትዬ ባሂራ፣ ይህ በርበሬስ ሐኪም በዛበት እያሉ ይስቁባት ነበር።

በርበሬው ሲቀላ ዑመይር ወልቂጤ፣ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። አባቷም እንደ ወጉ «እንመካከር» ብለው ለጁምዓ ቀጠሩ።

ወግ መሆኑን ዑመይር ያውቃል። ግን ከእሱ በፊት ዘይባን የጠየቀ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ እንዲሁ ቀጠሮ ተሰጥቶት ባዶውን ተመልሷል። እንቅልፍ አጣ። ቀይ ሥር ለጠየቀው ገበሬ የጎመን ዘር ሰጠ። በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ አባቷ ምን እንዳሉ ዘይባን ጠየቃት።

ረቡዕ ሱቁን ዘግቶ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ከድሮ የሚባለው የሱቅ ጎረቤቱ ይህን አይቶ ለዘይባ ደወለላት።

ስትደርስ ዑመይር የወልቂጤ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ሚኒባሱ ሊሞላ ሦስት ሰው ይቀረዋል። ዘይባ ቆርጣ ያዘጋጀችውን ሁለተኛ ጀሪካን አቅፋለች።

«ውረድ።»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው።»

«ሽማግሌ ልከህ አንተው ከሄድክ ሽማግሌዎቹን ናቃቸው ነው የሚባለው። አባቴ እሺ ሊሉ አስበው ቢሆን እንኳ ይተዉታል።»

«እምቢ ቢሉስ?»

ጀሪካኑን በመስኮቱ አሳልፋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ትናንት የዘራሁት ነው። እስከ ጁምዓ አንተ ጋ ይቆይ። ጣትህን አንሳ።»

ረዳቱ ለጀሪካኑም ሒሳብ እንደሚከፈል አስታወቀ። ተሳፋሪው ሳቀ። ዑመይር ጀሪካኑን ታቅፎ ወረደ።

ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ዘይባ ሱቁ በር ላይ ቆመች። እሱ ፊቷን ነበር የሚያየው፤ እሷ ግን የጀሪካኑን አፈር አየች። ጠርዙ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ጉድጓድ አለች።

«ቆፍረሃል።»

«አንዴ ብቻ።»

«ስንት ጊዜ?»

ዘይባ ጎንበስ ብላ ጉድጓዷን በጣቷ ቀስ አድርጋ ደፈነቻት። ቀና ሳትል ተናገረች።

«አባቴ አሁን ደውለው ነበር። ሽማግሌዎቹን እሺ ብለዋቸዋል።»

ዑመይር እጁን ሊዘረጋላት አለና ጥፍሮቹ ሥር ያለውን አፈር አይቶ ወደ ኪሱ ከተተው።

ዘይባ ግን አይታው ነበር።