ያልተቀመጡት ሽማግሌ

ሰርካለም ሽማግሌዎቹን ይዞ የመጣውን የፍቅረኛዋን የሲራክን ታክሲ በመስኮቱ አየች። በ2009 የበጋ እሑድ ነው፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው አፓርትማቸው ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ እሷን ለማግባት የሚጠይቀው የዓብዩ ሰዎች፣ ከጀርመንታውን።

አባቷ አቶ ሀብተማርያም ቁርጡን ነግረዋታል። «ሲራክን አልጠላሁትም። ግን ነገ ቢበድልሽ ማንን እጠይቃለሁ? ወገን የለው! ሽማግሌ ካልላከ ለዓብዩ እሺ እላለሁ።»

ያለ አባቷ ምርቃት ማግባት አይሆንላትም። ሲራክ ደግሞ በዲቪ ብቻውን የመጣ ሰው ነው፤ ማንን ይላክ?

የተዋወቁት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሰርካለም የምትንከባከባቸውን እንግሊዛዊት አሮጊት ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሲመጣ። በመስታወቱ እሷን ሲያይ መታጠፊያው አለፈው።

«መንገዱን እይ እንጂ!» አለችው። አልተቆጣችም ግን። ከዚያ ወዲህ አሮጊቷን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው እሱ ሆነ።

አሮጊቷ ሚስ ኤድና ሃምሳ ዓመት በቲያትርና በፊልም ሞግዚት፣ ጎረቤትና በር ከፋች ሆነው ሠርተዋል። ፊታቸውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስማቸውን ማንም አያውቅም። የዋና ተዋንያኑን ፍቅር ከጓዳ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ስለኖሩ የሁለቱ ነገር ከራሳቸው በፊት ነው የገባቸው። ሽማግሌ የሚሆን ሰው መታጣቱን ሲሰሙም «እኔ እሄዳለሁ» አሉ።

የሲራክ ጓደኛ በፈቃዱ ይናገራል፤ እሳቸው ከጎኑ ይቆማሉ። ሰርካለም ያስጠናቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቴ «ሰጥቻለሁ» ሳይሉ እንዳይቀመጡ።

ሲራክ ታክሲው ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ገቡ። አቶ ሀብተማርያም አሮጊቷን ትኩር ብለው አዩ።

«እኚህን ሴትዮ የት ነው የማውቃቸው?»

ሰርካለም ይህን አላሰበችም። አባቷ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ በሚቀበሉበት ቡዝ ውስጥ ሲውሉ ጓደኛቸው የድሮ ፊልም ነው።

«አክትረስ ናት! በር ከፋቿ! ተዋናይ ቀጥሮ ነው የላከብኝ?»

«ጋሼ፣ ይረጋጉ...» አለ በፈቃዱ።

«ቁጭ በልና አስረዳኝ!»

በፈቃዱ ደንግጦ ቁጭ አለ። እሺታ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ምን ሽማግሌ ነው? ሰርካለም እንባዋ መጣ።

ሚስ ኤድና ግን ከዘራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ናቸው።

«ሲት ዳውን፣ ፕሊስ።»

ንቅንቅ አላሉም።

«ምኑ ነሽ በላት!»

አሮጊቷ ቀስ ብለው መለሱ፤ በፈቃዱ ተረጎመ። «ሐኪም ቤት ሄጄ ዘመድሽ ማነው ሲሉኝ የምሰጠው የሲራክን ስም ነው። እሱ ዘመዴ ከሆነ እኔስ ዘመዱ አይደለሁም?»

የአሮጊቷ ከዘራ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይሄም አክቲንግ ነው?» አሉ አቶ ሀብተማርያም። ድምፃቸው ግን ቀንሷል።

«አባዬ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል! ይወድቃሉ!» ሰርካለም ልትደግፋቸው ስትሮጥ አሮጊቷ በእጃቸው ከለከሏት።

አባቷ ከዘራውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ተነሥተው የራሳቸውን ወንበር ሳቡ።

«ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ በላቸውና ይቀመጡ፣ በማርያም!»

ሰርካለም ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ሲራክ ከታክሲው ወጥቶ ቆሟል። ፊቷን ሲያይ እጁን ዘረጋ፣ ያዘችው።

በሰርጉ ቀን ሚስ ኤድና የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው በሙሽራው ወገን ከፊት ተቀመጡ። እንግዳው ሁሉ ያፈጥጥባቸውና ይጠይቃል። «እኚህን ሴትዮ የት ነው የማውቃቸው?»

«የት ታውቃቸዋለህ!» ይሉ ነበር አቶ ሀብተማርያም። «የሙሽራው እናት ናቸው።»