በሽቦ የታሰረው ጨርቅ

ሟቿ መኪና ነበረች። ከሠራዊቱ በዕድሜ የተሰናበተች፣ ጭቃና ወንዝ የማይበግራት የናፍታ መኪና። የፖሊስ መርማሪው የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያው ግቢ ሲደርስ በጋዝ መቁረጫ ለሁለት ተከፍላ ተጋድማለች።

ገዢዋ አዋላጅ ነርስ ናት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ሰኞ የጭስ ፈተናውን ወደቀች። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለገባች ነው አሉኝ። ዛሬ በደንብ አሙቀናት፤ ጭሷ ግን ግቢውን አጨለመው። የሆነ ሰው ተንኮል ሠርቶብኛል!»

ደንቡ ምሕረት አያውቅም። ከጦሩ የወጣ አሮጌ መኪና ሁለቴ ከወደቀ ሰሌዳ አያገኝም፤ ዳግም መንገድ እንዳይወጣ እዚያው ይቆረጣል።

መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ። የአየር ማጣሪያው አፍ ላይ ጨርቅ ተወትፏል። አየር ያጠረው ሞተር ደግሞ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

ፈታኙን ጠራው።

«ኮፈኑን አላየህም?»

«እኔ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ መለኪያ ከትቼ ቁጥር ነው የማነበው።»

«ሳታይ አስቆረጥካት?»

ፈታኙ መለኪያውን ይዞ ሄደ። ወይ ሥራ!

ቀጥሎ የጣቢያው መካኒክ መጣ።

«ስትቆረጥ ካምቢዮዋን ፈትተህ ልትወስድ ስትመኝ ነበር አሉ።»

«ተመኝቻለሁ። መመኘት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

መርማሪው አላመነውም። ግማሽ ቀን አስቀምጦ በጥያቄ አዋከበው። ኋላ ራሱን ታዘበ፤ ምን ዋጋ አለው!

ነገሩ የገባው ማታ ጨርቁን እንደገና ሲያየው ነው። ታጥቧል። አራት ቦታ ታጥፏል። ሞተሩ ስቦ እንዳይውጠው ደግሞ በቀጭን ሽቦ ከቱቦው ጋር ታስሯል። ተንኮለኛ እንዲህ አይጠነቀቅም። ይኼ ሰው መኪናዋ እንድትወድቅ ይፈልጋል፤ እንድትጎዳ ግን አይፈልግም።

«ትናንት የት አደረች?» አላት አዋላጇን።

«ሰሌዳ እስክታገኝ የምታድረው የገዛሁበት የሠራዊቱ ንብረት ግቢ ነው። ጠባቂው አባባ ጋ። ድሮ ሹፌሯ እሳቸው ነበሩ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ወደ ግቢው ሄዱ። አዛውንቱ መኪናዋ ትቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ ይጠርጋሉ።

«አባባ፣ ጨርቁን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

አልካዱም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻታለሁ፣ ልጄ። ቀለም ቀብተው የሙሽራ መኪና ሊያደርጓት ነው ብዬ ቆሽቴ አረረ። የወደቀ መኪና ለሻጭ ይመለሳል ሲሉ ሰማሁ። ሰኞ ስትወድቅ ደስ አለኝ፤ አንዴ ብትደግመው ወደ እኔ ትመለሳለች ብዬ ነው። ጥፋቴ ነው፣ እቀጣለሁ። ብቻ... መቼ ነው የምትመለሰው?»

መርማሪው ጠጋ አላቸው።

«እሱ የሌላው መኪና ደንብ ነው፣ አባባ። የጦር መኪና ይቆረጣል። ትናንት ተቆርጣለች።»

አዛውንቱ ክው አሉ። መጥረጊያውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

አዋላጇ ልትጮህባቸው ነበር የመጣችው። ሲያለቅሱ ስታይ ድምፅዋ ወረደ።

«የምን ሙሽራ ነው፣ አባባ? ምጥ የያዛትን ላሻግርባት ነበር እኮ። ወንዙ ሲሞላ አምቡላንስ አያልፍም። አምና ሁለት እናቶች ማዶ ሞቱብኝ።»

«አልጠየቅኩሽም፣ ልጄ። ምነው ያኔ አንዲት ቃል ብጠይቅሽ ኖሮ!»

«እኔም አልጠየቅኩዎትም» አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ሳምንቱን ሙሉ ሹፌር ስፈልግ ነበር። መኪናዋን የሚያውቅ፣ ወንዙን የሚያውቅ።»

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩዋት።

«መሻገሪያውን አውቀዋለሁ» አሉ በቀስታ።

መርማሪው ካቴናውን አላወጣም። ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸውና ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰዳቸው። ወንዙ የሚሞላበት ክረምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።