የሻለቃው ግራ እጅ

ሻለቃው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞት ማንም አላየውም። የመጀመሪያ ሞቱን ግን አገር ምድሩ ቁጭ ብሎ አይቶታል፤ ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ሳሎኑን በጎረቤት ሞልቶ፣ የሌለው በሰው መስኮት ተንጠልጥሎ።

ሰውየው ዕድሜ ልኩን ወታደር ሆኖ አያውቅም። ተዋናይ ነበር። አዲሱ ክፍለ ዘመን በገባ ሰሞን በየሳምንቱ በሚተላለፍ የቤተሰብ ድራማ ላይ ጡረታ የወጣ ሻለቃ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ተጫወተ፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ ያወጣችለት ስም ቀረ። ባንክ ቤት ሻለቃ፣ ሐኪም ቤት ሻለቃ፣ ለቅሶ ቤትም ሻለቃ። ድራማው ያለቀው ሻለቃው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የተመረዘ ወተት ጠጥቶ ሲሞት ነው። ማን እንደመረዘው ግን አልተነገረም። ሕዝቡ ስንት ዘመን ተከራከረበት፤ የተኳረፉበት ባልና ሚስትም አሉ።

አሁን ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ያው ሰው እዚያው ወንበር ላይ፣ ያንኑ አረንጓዴ ኮት እንደለበሰ፣ ባዶ ብርጭቆ በግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደያዘ ሞቶ ተገኘ።

ባልደረቦቿ «ዓይናማዋ» የሚሏት መርማሪ ስቱዲዮው ስትደርስ ረፋድ ነበር። ከደጅ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ውስጥ ግን መስኮት የሚባል የለም፣ ብርዱ እንደ ጉድጓድ ነው። መብራቱ ወዳለበት ስትሄድ እግሯ ባለበት ተገታ። የድራማው ሳሎን ነው። ለድራማው መታሰቢያ ፕሮግራም ብለው እንደገና ሠርተውታል፤ አበባማው መጋረጃ፣ ሬዲዮው፣ ትልቁ የቁም መስታወት፣ ግድግዳው ላይ የአራቱ የቤተሰቡ አባላት ፎቶ። ገብታበት የማታውቀውን ክፍል እንደ እናቷ ጓዳ ታውቀዋለች። የሞተው አባቷ በሕይወቱ ዝም የሚለው ሻለቃ ሲናገር ብቻ ነበር። እሷም ወለል ላይ፣ አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ነው ይህን ሞት ያየችው።

«ልክ እንደማስታውሰው ነው» አለች ለራሷ። ልጅ ሆና ያስፈራት ነገር ዛሬም አለበት።

አስከሬኑ አጠገብ ያጎነበሰው ሐኪም ቀና አለ። «የራሱ የልብ ክኒን ነው፤ ተፈጭቶ ወተቱ ውስጥ ገብቷል። ባዶ ዕቃው ይኸው ጭኑ ሥር።»

«ራሱን ገደለ ነው የምትለኝ?»

«እኔ ልብ እንጂ ሐሳብ አልመረምርም።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ግን ፈርዶ ጨርሷል። «ገጸ ባሕርይው በላው፣ አለቃ። እንደኖረበት ሞተበት።»

በዚያ ጠዋት ስቱዲዮው ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ተመልካቹ ገና በር ላይ ተሰልፎ ነበር። መርማሪዋ ከዳይሬክተሩ ጀመረች። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል፤ ከፊቱ የተደረደሩት ስክሪኖች የድሮውን ድራማ ያለ ድምፅ ያሳያሉ። በአንዱ ሻለቃው ይቆጣል፣ በሌላው ይስቃል፣ በሦስተኛው ሴት ልጁን ፀጉሯን ይጎነጉናል። የሚያጠፋቸው ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ሽማግሌው።

«እንዴት አድርገው?»

«አርፎ ከተቀመጠበት ጎትቼ አምጥቼ ነዋ! ‹ሻለቃን ማን ገደለው? መልሱን ራሱ ይነግረናል› ብዬ በየማስታወቂያው አስለፈፍኩ። የቀጥታ ስርጭቱ ሐሳብ ግን የእሱ ነበር። ‹በቀጥታ ስርጭት ይሁን፣ ማንም እንዳይቆርጠው› አለኝ።»

«መልሱን ለእርስዎ ነግሮዎት ነበር?»

«መልስ አልነበረውም፣ ልጄ። ደራሲውም እኔም ማን እንደገደለው አናውቅም። መጨረሻ አጥተን ነው እንዲያ የጨረስነው።»

መርማሪዋ ይህን ያዘች። መልስ የሌለው ጥያቄ ከሆነ፣ ሰውየው በቀጥታ ስርጭት ሊናገር የፈለገው ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛዋ የሜካፕ ሠራተኛዋ ናት፤ ወፍራም፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ ሴትዮ። ሻለቃውን ማለዳ ያዘጋጀችው እሷ ናት።

«ኮቱን አለበስኩት፣ ቁልፉን ቆለፍኩለት፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ደህና ነበር። እንዲያውም ‹ዛሬ ቀሎኛል› አለኝ።»

«ቁልፉን ራሱ አይቆልፍም?»

ሴትዮዋ ወዲያ ወዲህ ተገላመጠች። «ሰው እንዳይሰማበት ለምኖኝ ነበር… እንግዲህ ምን ዋጋ አለው። አምና ካመመው ወዲህ ግራ እጁ በድን ነው። ማንኪያ አያነሳም። ኪሱ ውስጥ ከትቶት ነው የሚዞረው። ኩሩ ሰው ነበር፤ ለእኔም ያሳየኝ ቁልፉ አቅቶት ነው።»

«ክኒኑስ?»

«የራሱ ጃኬት ኪስ ውስጥ፣ እኔ ክፍል ተሰቅሎ። በሩ አይዘጋም፤ ሁሉም ይገባል፣ ሁሉም ይወጣል።»

መርማሪዋ ተመልሳ አስከሬኑን አየችው። የግራው ጣቶች ብርጭቆው ላይ አንድ በአንድ ታጥፈዋል። በድን እጅ በራሱ እንዲህ አይታጠፍም፤ ያጠፈለት ሰው አለ።

ሦስተኛው የሻለቃው ልጅ ሆኖ የተጫወተው ነው። ያኔ ለግላጋ ጎረምሳ ነበር፤ ዛሬ የታወቀ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ነው። በር ላይ ከተሰለፈው ሰው ግማሹ የመጣው እሱን ለማየት ነው። ሐዘኑም እንደ ልብሱ የተተኮሰ ነበር።

«አባቴ ነበር እኮ» አለ። «የወለደኝን አላውቀውም፤ የማውቀው እሱን ነው።»

«ዛሬ አነጋገሩት?»

«አርፍጄ ነው የገባሁት። በሩቁ አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ገጸ ባሕርይው ውስጥ እየገባ መስሎኝ አልረበሽኩትም።»

«የመጨረሻው ክፍል ሲቀረጽስ ነበሩ?»

«እንዴታ! በየቃለ መጠይቁ የማወራው እሱን አይደል? ከካሜራው ጀርባ ቆሜ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ያ ቀን ደግሞ… የሁለት ሞት ቀን ነው። ታናሻችንን ያጣነው ያን ቀን ነው።»

«ታናሻችሁ?»

«ሴት ልጁን ሆና የምትሠራዋ። የዝግጅቱን መኪና ብቻዋን ይዛ ወጥታ ድልድይ ላይ ተጋጨች። እኛ እዚህ የውሸት ሞት ስንቀርጽ።»

መርማሪዋ ስክሪኑ ላይ ፀጉሯን ስትጎነጎን ያየቻትን ልጅ አስታወሰች። ያኔ በመጨረሻው ክፍል ልጅቷ ወደ ሩቅ አገር ተሸኘች ተብሎ ነበር፤ መርማሪዋና እኩዮቿ ድራማው ካለቀ በኋላም መመለሻዋን ስንት ሳምንት እንደጠበቁ!

የሻለቃው ሚስት ሆና የተጫወተችው ተዋናይት ዛሬ አሮጊት ናት። አገሩ ሁሉ «እታለም» ነው የሚላት። መርማሪዋ ስትገባ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ትናንት ደወለልኝ» አለች። «‹ነገ ስለ ታናሿ አንድ ነገር እናገራለሁ፤ ከወዲሁ ይቅር በይኝ› አለኝ። ‹ምኑን ነው ይቅር የምልህ?› ስለው ዘጋብኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጥፋቱ የእኔ ነዋ። ያን ቀን ጠዋት አርፍደሽ መጣሽ ብዬ ሰው ፊት ሰደብኳት። አልቅሳ ወጣች፤ በዚያው ቀረች።»

«ያን ቀን ሌሎቹ የት እንደነበሩ የጠየቀ ፖሊስ አልነበረም?»

«ነበረ። ‹ልጄም እኔም ሁላችንም እዚሁ ነበርን› ብሎ ሻለቃ መለሰ። ሻለቃ ካለ አለ ነው።»

«እርስዎ ልጁን በዓይንዎ አይተውታል?»

«በዚያ ጨለማ? መብራቱ እኛ ላይ ነው፤ ከካሜራው ጀርባ ግመል ቢቆም አይታይም። ደግሞስ ማን ልብ አለው! ሻለቃ መሞት አቃተው እኮ። ‹ይህ ካሜራ እያፈጠጠብኝ አልሞትም› ብሎ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ ጋሼ ካሜራውን ወደ መስታወቱ አዞረለት።»

መርማሪዋ ጠጋ አለች። «መስታወቱን ነው የቀረጹት?»

«አዎ። ሰውየው ጥጉ ላይ ማንም ሳያየው ሞተ፤ እኛ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ቀረጽን። ጠርዙ ስለማይታይ ተመልካቹ እስከ ዛሬ አያውቅም። ስታየው ግን የሆነ ነገር አያስፈራም?»

ያስፈራል። መርማሪዋ ልጅ ሆና ያስፈራት ምን እንደነበር ገና አሁን ገባት።

ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሄዳ የመጨረሻውን ትዕይንት አስከፈተች። አረንጓዴው ኮት ታየ። የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ባለው ኮት ደግሞ በግራ። ስክሪኑ ላይ ሻለቃው ብርጭቆውን የያዘው በግራ እጁ ነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ግን በቀኙ ነበር።

ከሰዓት አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ አራቱንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ራሷ የሻለቃው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ቀዝቃዛ ነበር። እታለም ይህን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«አንድ ነገር ተባበሩኝ» አለች መርማሪዋ፣ ሌላ ብርጭቆ ለአቅራቢው እያቀበለች። «እርስዎ ያን ቀን ከካሜራው ጀርባ ነበሩ። ሻለቃው ሲሞት እንዳዩት አድርገው ያስይዙኝ።»

አቅራቢው ፈገግ አለ፤ ተንበረከከ፤ ብርጭቆውን በግራ እጇ አስይዞ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላቸው። 

የሜካፕ ሠራተኛዋ አፏን ያዘች። ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ምን ነካህ? በቀኙ ነበር እንጂ!»

«ጋሼ ደግሞ፣ እርጅና መጣ» አለ አቅራቢው። «አገር ያየውን? ፊልሙን ክፈቱት፤ በግራው ነው።»

«ፊልሙ ላይ በግራው ነው» አለች መርማሪዋ። «ፊልሙ የተቀረጸው ግን በዚያ መስታወት ውስጥ ነው። እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው እንደ እኔ ከቴሌቪዥን ያየ ብቻ ነው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«በመጀመሪያ ራሱን ገደለ የሚለውን እንተው። ግራ እጁ በድን ነበር፤ ብርጭቆውን ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ነው ያስያዘው። ይህን ያደረገው እጁ መድከሙን የማያውቅ ሰው ነው፤ ሜካፕ ሠራተኛዋ ደግሞ ታውቃለች። ሁለተኛ፣ ያ ሰው ያ ትዕይንት ሲቀረጽ አልነበረም፤ ጋሼና እታለም ግን ነበሩ፤ እነሱ ቢሆኑ ኖሮ በቀኙ ባስያዙት። የቀረ ሰው ይቁጠርልኝ።»

 ሁሉም ወደ አቅራቢው አዩ።

«በየቃለ መጠይቁ አሥሬ ደጋግመው ያወሩት ታሪክ ዛሬ ከዳዎት። ያን ቀን ስቱዲዮ ካልነበሩ የት ነበሩ? ሻለቃው ‹እዚህ ነበር› ብሎ የማለልዎት ለምንድን ነው? ይህን ያህል ዓመት ተሸክሞት፣ ታሞ ሞትን በር ላይ ሲያይ፣ በቀጥታ ስርጭት ሊያራግፈው የፈለገው ምን ነበር?»

«ማስረጃ የለሽም» አለ። ድምፁ ግን ከቴሌቪዥን የሚታወቀው ድምፅ አልነበረም።

«ሐኪሙ ብርጭቆውን ወስዷል። በሻለቃው ጣቶች ሥር የሌላ ሰው ጣት ምልክት አለ፤ እርስዎ ደግሞ በሩቁ አየሁት ብለውኛል።»

 ወለሉ ላይ፣ ወንበሩ ሥር፣ ልጅ ሳለ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ቁጭ አለ።

«መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ» አለ። «ጠጥቼ ነበር። ስታለቅስ አገኘኋትና ላዝናናት ብዬ ነው ይዣት የወጣሁት። ከተጋጨን በኋላ ሮጬ መጥቼ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ልጄ ነህ› አለኝ፤ ደበቀኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ‹ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለ። ‹እሺ አባዬ፣ መጀመሪያ እንደ ድሮው ትዕይንቷን እንሞክራት› አልኩት። ደስ አለው… ክኒኑን ፈጭቼ የጨመርኩበትን ወተት አንስቶ ሳይጠራጠር ጠጣልኝ። እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ሆነ። ብርጭቆው መሬት ወድቆ አገኘሁት፤ ሰው እንደሚያውቀው አደረግኩት።»

እታለም ብድግ አለች። መርማሪዋ ልትመታው መስሏት ተጠጋች። አሮጊቷ ግን ዝቅ ብላ ፊቱን አየችው።

«ትተሃት ስትሄድ ሞታ ነበር?»

አቅራቢው ፊቱን ወደ ወለሉ ደፋ።

«ሞታ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩህ!»

«ትጣራ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በስሜ አይደለም። ‹ወንድምዬ› ነበር የምትለው።»

 ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በር ላይ የተሰለፈው ሰው አጨበጨበ፤ ፕሮግራሙ የጀመረ መስሎት።

እታለም ሻንጣዋን አንስታ ቆመች። «እናቷ አለች» አለች። «በየዓመቱ እየሄድኩ፣ ‹ወዲያው ነው ያለፈችው፣ አልተሰቃየችም› እያልኩ ሳጽናናት ነው የኖርኩት።»

«አሁንስ ምን ይሏታል?»

«አላውቅም። ግን ከሰው አፍ ከመስማቷ በፊት ልድረስላት።»

«እኔ አደርስዎታለሁ» አለች መርማሪዋ።

ቤቱ ትንሽ ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። የልጅቷ እናት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር።

«እታለምዬ! አንቺ እዚህ? ፕሮግራሙ ቀረ እንዴ?» አለች ደንግጣ። «ልጄን ያሳያሉ ብዬ ከጠዋት ጀምሬ እየጠበቅኩ።»

እታለም ገባች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ያዘች።