ዋሽንግተን ዝም ያለ ቀን

ሲቀላ ገበያ ውስጥ «ሙህሲንን ታውቀዋለህ?» ቢባል ብዙው ሰው «እንጃ» ይላል። «ዋሽንግተንስ?» ከተባለ ግን ባጃጅ ነጂው ሁሉ ጣቱን ይቀስራል። «ያውልህ፣ የሐጂ ጀይሉ መጋዘን በረንዳ ላይ። ስልክ የሚጠግነው።»

ንብረቱ አንድ ባለመስታወት ጠረጴዛ፣ አንድ መበየጃ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮችና ከአጎቱ የወረሰው አሮጌ ሬዲዮ ነበር። ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት አጎቱ ጋር አደገ፤ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም። ከዚያ ወዲህ ብቻውን መብላት፣ ብቻውን መሄድ ለመደ። እሑድ እሑድ አባያ ሐይቅ ዳር ወርዶ ቀዩን ውኃ ሲያይ ይውላል። ስለ ራሱ ብትጠይቀው ሁለት ቃል አይመልስም። ስለ አሜሪካ ከጠየቅኸው ግን ሻይህ ይቀዘቅዛል።

ከአሱር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ ነጋዴዎቹ በረንዳው ላይ በዱካና በሳሙና ካርቶን ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ በለጥሽ ሻያቸውን ያዞራሉ። ነገር የሚጀምረው ሁልጊዜ ጌታነህ ነው፤ የላንቴው ሙዝ ነጋዴ።

«እሺ ዋሽንግተን፣ ሰዎችህ ዛሬ ምን አሉ?»

«ሌላ የጦር መርከብ ልከዋል። ለሰላም ነው ይላሉ።»

«ለሰላም ከሆነ መድፉ ምን ያደርጋል?»

«ሰላሙን ይጠብቃል።»

«ከማን?»

«ከባለቤቶቹ።»

በረንዳው በሳቅ ይሞላል። ጌታነህ ግን ከሳቁ ቶሎ ይወጣል። «እናንተ ሳቁ። እነሱ እዚያ ባሕር ላይ ይታኮሳሉ፣ እኔ እዚህ ናፍጣ አጥቼ አይሱዙ ሙሉ ሙዝ ጠቆረብኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ሙዜ ምን አደረጋቸው?»

«ስለ ሙዝህ አላሰቡም፣ ጋሼ። ክፋቱ እሱ ነው። ቢጠሉን እንኳ ስማችንን ያውቁት ነበር።»

ሐጂ ጀይሉ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እየቆጠሩ ያዳምጣሉ። ይህን ልጅ ማመን የጀመሩት አምና ነው። የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ ይቆማል ሲል ሁሉም ስቆበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ላይኛው ሰፈር ሴቻ የነበረ አንድ የእርዳታ ቢሮ ዘበኛውን ሳይቀር አሰናበተ፤ ነጫጭ መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመው አቧራ ለበሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ ዕቃ ከማምጣታቸው በፊት እንኳ «ዋሽንግተን ምን አለ?» ይላሉ።

ከሙህሲን ወንበር በስተጀርባ የመጋዘኑ መስኮት ነበር። የብረት መዝጊያው ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የኖረ መስኮት።

አንድ ቀን ስለ ምርጫ እያወራ ሳለ መዝጊያው ተንቋቋ።

«ሙህሲን፣ ትናንት ማንም ቢመረጥ ለእኛ ያው ነው ብለህ አልነበር? ዛሬ ምነው ተናደድክ?»

ዞሮ አየ። ረይሐና ነበረች፤ የሐጂ ጀይሉ የመጨረሻ ልጅ። ትምህርቷን ጨርሳ የአባቷን ሒሳብ ለመያዝ የገባች ሰሞን ነው። ከመስኮቱ ጨለማ ውስጥ የታየው ዓይኗና የሻሿ ጫፍ ብቻ ነበር። ዓይኗ ይስቃል።

ጌታነህ ጭኑን እየመታ «ተያዘ! በሴት ልጅ ተያዘ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ አልተዘጋም።

በዚያ ከተማ አንድ ልጅና አንዲት የነጋዴ ልጅ ቆመው ካወሩ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለ አሜሪካ ሲያወሩ ግን ማንም ምንም አይልም። አባቷ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ሽማግሌው ሁሉ እየሰማ፣ እሷ ከውስጥ እሱ ከውጭ ሆነው፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ያወራሉ። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ስልክ ይፈታል። እሷ ሒሳብ ትደምራለች።

«ሙህሲን፣ ትልቁ አገር ዝም ሲል ምን ማለት ነው?»

«እያሰበበት ነው ማለት ነው።»

«ወይስ ፈርቶ?»

«ትልቅ አገርም ይፈራል።»

«ምን ይፈራል?»

«እንቢ መባል።»

«ሳይጠይቅ እንቢ ያለው ማን አለ?»

ሐጂ በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። ድርድር ሳይጀምር ተኩስ የሚጀምር አገር ነው።» ሙህሲን መበየጃውን ጣቱ ላይ አሳረፈው። ከመስኮቱ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ሰማ። የተቃጠለ ጣቱን እየነፋ እሱም ሳቀ። ያ ቀን በዚያ ዓመት ከነበሩት ቀኖች ሁሉ የደመቀው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ጀዋር የሚባል ሰው ሽማግሌ ላከ። ወላጆቹ ወራቤ ያሉ፣ እሱ አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ጨዋ ነው የሚባል ሰው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ኒካህ፣ የጋብቻው ውል፣ በወኪልና በስልክ ይታሰራል፣ ከዚያ ወረቀቷን ጀምሮ ይወስዳታል።

ሐጂ ጀይሉ ልባቸው ሁለት ሆነ። የሟች እህታቸው ልጅ እንዲሁ በስልክ ታስራ ስንት ዓመት እንደ ሚስት ተቆጥራ፣ እንደ ልጃገረድ ብቻዋን ቀርታለች። በሩ ክፍት ከሆነ እሺ። የሚዘጋ ከሆነ ግን ልጃቸውን በዚያ ሊያስሯት አልፈለጉም። እና እንደ ልማዳቸው ዋሽንግተንን ሊጠይቁ ወሰኑ።

ከዚያ በፊት ረይሐና በመስኮቱ መጣች። በረንዳው ላይ ከሙህሲን በቀር ማንም አልነበረም። ስለ አሜሪካ አላነሳችም።

«ነገ አባ ይጠይቅሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«በሩ ይዘጋል ብለህ ነው የምታስበው፣ አይደል? ስንቴ ብለኸዋል።»

«አዎ።»

«እንግዲያው የሚመስልህን በል። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም። ዋሽልኝ አላልኩህም።»

እጁ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አገላበጣት። «ረይሐና...»

«ከነገ በኋላ ስሜን ጥራ» አለችና መዝጊያውን ገርበብ አድርጋ ሄደች።

ሙህሲን ያን ዕለት አባያ ዳር ወርዶ ተቀመጠ። እውነቱን ያውቀዋል። ግን ያ እውነት ለእሱ እንዴት ተመቸው! «ይዘጋል» ቢል፣ ነገ ሽማግሌ ቢልክ፣ ሰው ምን ይላል? ለካ ይኼ ልጅ ለራሱ ነው የሚተነብየው! ሐጂስ? ኪራይ እንኳ ሳይጠይቁ በረንዳቸውን የሰጡት ሐጂ? ደግሞስ ራሱን ይመነው? በሩ ይዘጋል የሚለው ነገሩን አይቶ ነው ወይስ እንዲዘጋ ስለፈለገ? ቀዩን ውኃ ቢያየው መልስ የለውም።

በማግስቱ በረንዳው ሞላ። ሐጂ ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ልጄ ሙህሲን» አሉ። ዋሽንግተን አላሉትም። «እንደ ወንድሟ አድርጌ ነው የምጠይቅህ። የአሜሪካ በር ይከፈታል ወይስ ይዘጋል?»

እንደ ወንድሟ። ከጀርባው መስኮቱ ክፍት ነው፤ ትንፋሿን የሰማው መሰለው። ጌታነህ ሻዩን ሳይጠጣ ይዞ ይጠብቃል። ስለ መርከብ፣ ስለ ማዕቀብ፣ ስለ ሰው አገር ጦርነት ቃል ቸግሮት የማያውቀው ልጅ መሬት መሬት አየ።

«እንጃ፣ ሐጂ። ሊከፈትም ይችላል። አላህ ያውቃል።»

«ሊከፈት ይችላል» አሉ ሐጂ ደግመው፤ ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ።»

ከጀርባው የብረት መዝጊያው ተዘጋ። በቀስታ ነው የተዘጋው። ጮኾ ቢሆን ይሻለው ነበር።

የኒካሁ ዕለት ሐጂ አስጠሩት። ሽማግሌዎቹ የጀዋርን ድምፅ በደንብ እንዲሰሙ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር እንዲያገናኝላቸው ነበር። ተንበርክኮ ገመዱን ገጠመ። የላላውን ሽቦ በየደ። ምስክሮቹ ውስጥ ያሉት ሴቶች ጋ ሄደው ረይሐናን ሦስቴ ጠየቋት፤ ሦስቴም ዝም አለች። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ብለው ተመለሱ። ከዚያ ሙህሲን ከጠገነው ማጉያ ውስጥ የሩቅ ሰው ድምፅ ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ያለ አንዳች ኮሽታ።

«ተቀብያለሁ።»

«ማሻአላህ፣ እዚሁ ያለ ይመስላል እኮ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እጅህ ይባረክ፣ ዋሽንግተን።»

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኛት። እጇ ላይ ሂና ነበረ። ዓይኗ አይስቅም።

«በዓለም ላይ ስላለው አገር ሁሉ ሐሳብ አለህ» አለችው። «ስለ እኔ ብቻ አጣህ።»

መልስ አልጠበቀችም።

ዜናው የመጣው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ወረቀቷ ተጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ከአሱር በኋላ ሬዲዮው ቪዛ መስጠት መታገዱን ተናገረ፤ ከታገዱት አገሮች መካከል የእኛም እንዳለበት።

ሙህሲንን መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። እንደ ሙቅ ውኃ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ደግሞ የብርጭቆ መንኳኳት ሰማ። እትዬ በለጥሽ የሻይ ትሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ልጃቸው አሜሪካ ነው፤ ሊወስዳቸው ጨርሶ የቀራቸው ቪዛው ብቻ ነበር።

«እኔንም ነው?» አሉ። «እኔ ምን እሠራባቸዋለሁ? ልጄን አይቼ ብሞት ምን እጎዳቸዋለሁ?»

ጌታነህ ተነስቶ ትሪውን ከእጃቸው ተቀበለ።

ሐጂ ጀይሉ ወደ ሙህሲን ዞሩ። «ለጊዜው ነው አይደል? እንደዚያ ነው ያሉት፤ ለጊዜው።»

የመስኮቱ መዝጊያ ገርበብ ማለቱን ከጀርባው ሰማ። ከኒካሁ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

«አይደለም፣ ሐጂ» አለ። «ለጊዜው ያሉት እንዳንጮኽ ነው። እነዚህ ሰዎች ጦር ሲልኩ እንግዳ ነን ይላሉ፤ እንግዳ ሲመጣባቸው ጦር መጣብን ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ቶሎ አይከፈትም። ዓመታት ነው።»

«ያኔ ይከፈታል ብለኸኝ!»

«ሊከፈት ይችላል ነው ያልኩት።»

«ሊከፈት ይችላል!» የሐጂ ድምፅ ተሰበረ። «ልጄን እኮ ነው በዚያ ቃል ያሰርኳት!»

ረይሐና በመጋዘኑ በር ወጣች። ከዚያ በፊት በወንዶቹ መሃል ስትቆም ያያት ሰው አልነበረም። «አባ፣ ሰማህ አይደል? እንግዲህ እኔ አልጠብቅም። በማላውቀው ሰው ስም አላረጅም። ፍቺ ጠይቅልኝ።»

«ዝም በይ!»

«አንዴ ዝም ብዬ አየሁት።» ይህን ስትል ያየችው አባቷን አልነበረም።

ሐጂ ዓይኗን ተከተሉ። ከልጃቸው ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ክፍቱ መስኮት። ሙስበሃቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ስንት ወር አጠገባቸው ተቀምጠው የሰሙትን ያን ሁሉ የአሜሪካ ወሬ አሁን እንደ አዲስ የሰሙት መሰላቸው።

«ሙህሲን» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠረጴዛህን አንሳ።»

አሁን ሙህሲን ያለው ሴቻ ነው። ከተቀመጠበት ጥግ የሲቀላ ቆርቆሮ ጣሪያዎችና ከእነሱ ወዲያ ቀዩ ሐይቅ ይታያሉ። የሴቻ ሰዎች ዋሽንግተን እንደሚባል አያውቁም። ዝምተኛ ስልክ ጠጋኝ ነው።

ረይሐናን አባቷ ወራቤ አጎቷ ቤት ላኳት። እሷ የሸሪዓው ዳኛ፣ ቃዲው፣ ፊት ቀርባ ፍቺ ጠይቃለች። ጀዋር ደግሞ «በሩ ይከፈት እንደሆነ ለጊዜው ትጠብቀኝ፤ ካልተከፈተ እለቃታለሁ» ብሏል። ከተከፈተ ትሄዳለች፣ ካልተከፈተ ነፃ ትወጣለች፤ ነገሯ በዚያ በር ላይ ተንጠልጥሏል።

ስለዚህ ሙህሲን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሬዲዮውን ይከፍታል። አልተከፈተም ሲባል ትከሻው ይቀልለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲረግመው ከኖረው መንግሥት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማማ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

አልፎ አልፎ እትዬ በለጥሽ በሚኒባስ ሽቅብ ይመጣሉ። ስልካቸው ምንም አልሆነም። ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይጠብቃሉ።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ዛሬስ ምን አሉ?»

«አልተከፈተም፣ እትዬ።»

ፊቱን ያያሉ። እዚያ ያለውን ሐዘን ለእሳቸው ያዘነው ይመስላቸዋል። በሻካራ መዳፋቸው እጁን ይዘው ያጽናኑታል፤ እሳቸው እሱን።

«አይዞህ። እግዚአብሔር አለ። ይከፈታል። አሜን በል።»

ሙህሲን ወደ ታች ተመለከተ። አባያ ላይ ደመና ጥላውን ጥሎ ውኃው ጠቁሯል። በሩ ከተከፈተ እኚህ እናት ልጃቸውን ያያሉ። በሩ ከተከፈተ እሷ ትሄዳለች።

«አሜን በል እንጂ!»

ሁለተኛ ዝም ማለት አልቻለም።

«አሚን» አለ።