ተራ ያገኘው ዓሣ

የዝንጀሮው አውራ ጆንያዋን ነክሶ ወደ ገደሉ ሲወጣ ሮማን ሕይወቷን ረስታ ተከተለችው። ጆንያው ውስጥ ሦስት ዓመት የለፋችበት የጎማ ዓሣ አለ። ጋሼ ተክሌ ወንጭፋቸውን አስጮሁ፤ ዝንጀሮው ደንግጦ ጣለው።

«ዳቦ መስሎት ነው» አሉ እየሳቁ። «ቢቀምሰው ኖሮ ጥርሱን ይረግም ነበር።»

ሮማን አልሳቀችም። የሸዋ ሮቢት መካኒክ ናት፤ ዓሣውን የሠራችው አምባዛ ሲዋኝ አይታ ነው። ባትሪ አይገባለትም፤ ወራጅ ውሃ ሲያወዛውዘው ከዚያው ከመወዛወዙ ኃይል አመንጭቶ ይዋኛል፤ አቅጣጫውን በስልኳ ትሰጠዋለች። የረጋ ውሃ ላይ ግን ሬሳ ነው። ለሙከራው የመስኖው ቦይ ይበቃት ነበር፤ የከለከሏት ጋሼ ተክሌ ናቸው። እሳቸው የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃውን ለየገበሬው በተራ የሚያድሉ። «ተራ ያለው አዝመራ ነው፤ ጎማ ምን ተራ አለው?» ብለው ሰው ፊት አሳፈሯት። ኋላ አንጀታቸው አልችል ብሎ ወደ ሮቢ ወንዝ ሸለቆ ራሳቸው መሯት።

ሁለት ቀን እሾህና ቋጥኝ ሲቧጥጡ ሰነበቱ። ዓሣውን በየፏፏቴው ሥር ለቀቀችው፤ በየፏፏቴው ሥር ወራጁ ገለበጠው።

«ጅራቱን ግትር አድርገሽዋል፣ ልጄ። አምባዛ ከውሃ አይታገልም፤ ሰውነቱን ለቀቅ አድርጎ ከድንጋይ ጀርባ ያርፋል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ቦይ ይንገሩኝ!» አለች ተናዳ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ፣ ውሃው ከወንዙ ወደ ቦይ የሚዞርበት ጠለፋ ዘንድ ደረሱ። ሽማግሌው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ።

«የወርቅነሽ ተራ ደርሷል። መዝጊያውን ልክፈትላት።»

«ደጋው ላይ ጣርማ በር በደመና ጠቁሯል፤ ይተዉት!»

«የሰው ተራ አይታለፍም» ብለው ወደ ውሃው ገቡ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሮቢ ግን ማሳሳቅ አያውቅም። ቆላው ላይ ፀሐይ ድንጋይ እየሰነጠቀች ሳለ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ መጣ። ጋሼ ተክሌ መዝጊያውን ከፍተው ዞር ሲሉ መመለሻ አጡ፤ ወንዙ መሃል ያለ ዓለት ላይ ወጡ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን ያዘ። ሮማን ገመድ ወረወረች። ውርወራዋ ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረሰም።

ዓሣው! ካቻቢቴዋን መዘዘች፤ የጅራቱን ብሎኖች አላላች። ቀጭን ሲባጎ አሰረችበት፤ የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ከገመዱ ጋር ቋጠረች፤ በስልኳ ወደ ዓለቱ አቅጣጫ ሰጥታ ለቀቀችው።

ጎርፉ ዋጠው። ከዚያ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ብቅ አለ፤ አረፍ አለ፤ ወደሚቀጥለው ቋጥኝ ተወረወረ። እግዚኦ! ጎርፉ በበረታ ቁጥር ዓሣው በረታ። ግንድ የሚያንከባልለው ውሃ እሱን መገበው። በገዛ እጇ የሠራችው አልመስልሽ አላት፤ አፏን ከፍታ ቆማ አየችው።

«ያዝኩት!» የሚለው የጋሼ ተክሌ ጩኸት አባነናት።

በሲባጎው ገመዱን ሳቡ፤ ወገባቸው ላይ አሰሩት። ሮማን ሌላውን ጫፍ ግራር ላይ ጠምጥማ ጎተተች፤ መዳፏ ተልጦ ደማ። እየሰጠሙ፣ እየወጡ፣ ዳር ደረሱ። ዓሣውን ጉያቸው ውስጥ ወሽቀውት ነበር።

ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘረሩ።

«ጅራቱ... እውነትዎን ነበር፣ ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው ዓሣውን አገላብጠው አዩትና በእርጥብ ነጠላቸው ጭቃውን ጠረጉለት።

«ነገ የበላይ ተራ ነው» አሉ። «ከነገ ወዲያ የታምራት። ከእሱ ቀጥሎ...» ዓሣውን ወደ እሷ ዘረጉት። «ከእሱ ቀጥሎ የዚህ ነው።»