ከኮልፌ በላይ የቆመው ካሚዮን

ማመን የከበደው አይመን። እኔ ግን ብሎኑን በእነዚህ እጆቼ ፈትቻለሁ።

መጋቢት 1929 ዓ.ም. ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት አይደለም። ጭጋግም የለም... ፀሐይ አናት ትበሳ ነበር።

ቦታው ከኮልፌ ወደ ቀራኒዮ የሚያወጣው ዳገት ነው።

ባለፈው ወር፣ በየካቲት፣ ጣሊያን አዲስ አበባን በደም አጥቧት ነበር። ያገኘውን ሰው እያፈሰ በካሚዮን ጭኖ ወሰደ። ወዴት? የሚያውቅ የለም። የሚጠይቅም የለም።

እኔ መኳንንት እባላለሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ኮልፌ ውስጥ ጣሊያኖች በያዙት ጋራዥ መካኒክ ሆኜ እሠራ ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ገሜዳ ናቸው። ቁጡ ግን ደግ ሰው።

ከታፈሱት አንዷ የእሳቸው ልጅ ነበረች። ዱሬቲ። ገበያ ብላ እንደወጣች ቀረች። ካሚዮን ላይ ሲጭኗት ያየ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ገሜዳ መንገድ ላይ ካሚዮን ባለፈ ቁጥር አንገታቸውን አስግገው ከኋላ ያያሉ።

የዚያን ቀን አንድ ጣሊያን ሾፌር በእግሩ እየሮጠ ጋራዡ መጣ። ገና ልጅ እግር ነው። ካሚዮኑ ሞቆ ዳገቱ ላይ ቆሞበታል።

ምናልባት ፓምፑ ይሆናል ብለን ከአንድ አሮጌ ካሚዮን ላይ የውሃ ፓምፕ ፈታን። ውሃ በቆርቆሮ ተሸክመን ተከተልነው።

ካሚዮኑ ብቻውን ቆሟል። ከኋላ ሸራው ተጎትቶ ጥርቅም ብሎ ታስሯል።

«ባዶ ነው!» አለ ሾፌሩ በተሰባበረ አማርኛ። «ባዶ!»

ማንም አልጠየቀውም።

ጋሽ ገሜዳ ጎማዎቹን አዩ። ጎማዎቹ ከክብደት ብዛት ተጨፍልቀዋል። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ጎብጧል።

ባዶ ካሚዮን እንዲህ አይቆምም።

ኮፈኑን ከፈትኩት። እንፋሎቱ ፊቴን ለበለበው። በረድ እስኪል ጠብቀን ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ጨመርኩ።

ሞላ።

ዓይኔ እያየ ጎደለ።

እንደገና ጨመርኩ። ጎደለ...

ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። አቧራው ደረቅ ነው። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ጋሽ ገሜዳ...» አልኩ በሹክሹክታ። «ውሃው የት ነው የሚገባው?»

«ዝም ብለህ ሥራ።»

ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጊያ አወጣን። ጋሽ ገሜዳ ፓምፑን በእጃቸው ሊያዞሩት ሞከሩ። ንቅንቅ አይልም። ጭራሽ ተይዟል። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር በመዶሻ እየነካካን፣ እየተሳደብን ነቀልነው።

ገልብጠው ውስጡን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

በጣታቸው እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ። ረጅም ነው... አያልቅም...

ፀጉር ነው።

የሴት ሹሩባ። ፓምፑ ላይ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ነው ያነቀው። ከራዲያተሩ እዚያ ድረስ ሹሩባ የሚያልፍበት መንገድ የለም።

ጫፉ በቀይ ክር ታስሯል።

ጋሽ ገሜዳ ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እናቷ ናት... በቀይ የምታስርላት።»

ሾፌሩ አየና አማተበ። ከዚያ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ወደ ካሚዮኑ ኋላ አንድ ጊዜም ዞሮ እንዳላየ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ፕሬስቶ... ፕሬስቶ...» ይላል። ቶሎ በሉ ማለቱ ነው። ድምፁ የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ ነበር።

ሥራውን ትተን እንዳንሄድ ሽጉጥ ታጥቋል። ጋሽ ገሜዳ ሹሩባውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ ውሃ እንዳያፈስ ከካርቶን ጓርኒሲዮን ቆርጬ፣ ግራሶ ቀብቼ፣ የያዝነውን ፓምፕ ገጠምኩ። ቺንጊያውን መለስኩ። ውሃ ጨመርኩ።

አሁን አልጎደለም።

ያኔ ነው ከሸራው ውስጥ የሰማነው።

ጣውላ በጥፍር ሲጫር...

ቀስ ብሎ። ከአንድ ቦታ። ቀጥሎ ከሌላ ቦታ። ከዚያ ከሁሉም ቦታ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። በጣም የደከመ የሴት ልጅ ድምፅ።

«አባ... ቢሻን...»

ውሃ ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ።

ጋሽ ገሜዳ የተረፈውን ቆርቆሮ ውሃ አነሱ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አይሂዱ! እባክዎ... እሷ አይደለችም!»

«አባ ስትለኝ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ለዚያ ነው አይሂዱ የምልዎት።»

እጄን በቀስታ ከክንዳቸው ላይ አነሱት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሸራውን ፈትተው ገለጡት።

ባዶ ነው። በውሃ የታጠበ ጣውላ ብቻ። የመድኃኒት ሽታ አለው።

ካሚዮኑ ላይ ወጥተው ተንበረከኩ። ቆርቆሮውን አየር ላይ አዘነበሉት። ውሃው ሲፈስ አየሁ...

ጣውላው ላይ ግን አልደረሰም።

«ቀስ ብለሽ፣ ልጄ» ይላሉ። «ቀስ ብለሽ... ያንቅሻል።»

ሾፌሩ ሰምቶ ኖሮ ዘሎ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሳ።

«ጋሽ ገሜዳ፣ ይውረዱ! ይውረዱ!»

ዞረው አዩኝ። ፊታቸው ላይ እንባ አልነበረም።

«ገና ያልጠጡ ብዙ ናቸው፣ መኳንንት» አሉኝ።

ሸራው ወደቀ። ካሚዮኑ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ከኋላው ሮጥኩ። አልደረስኩበትም። አናቱ ላይ ደርሶ ወዲያ ማዶ ወደ ምዕራብ ወረደ። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ።

ለሚስታቸው ለእትዬ ድንቅነሽ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ቁልቁል ተመለስኩ። ቤታቸው ከኮልፌ ገበያ በታች ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

እትዬ ድንቅነሽ ደጅ ላይ አገኙኝ። እንስራ አዝለው ከምንጭ እየመጡ ነው። ይስቃሉ። ልጃቸው ከጠፋች ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«መጡልኝ!» አሉኝ። «መኳንንት፣ መጡልኝ!»

«እነማን?»

«ገሜዳ ነዋ! ዱሬቲን ይዟት መጣ። ቅድም ነው የገቡት።»

ካሚዮኑ የሄደው ወደ ማዶ ነው። ወደ ኮልፌ ደግሞ ሌላ መንገድ የለም።

«ምን... ምን አሉዎት?»

«ምንም። ውሃ ብቻ ነው የሚሉት። የቤቱን ሁሉ ጨርሰውት ነው የወረድኩት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዶችም አስከትለዋል። ስንት እንደሆኑ እኔ እንጃ። ቤቴ ደግሞ እንደምታየው ጠባብ ነው...»

«እትዬ፣ አይግቡ። በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ፣ አይግቡ።»

ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ለአፍታ ያወቁ መሰለኝ። አሁንም ያወቁ ይመስለኛል።

«ልጄ ጠምቷት እኔ ደጅ ልቁም?» አሉኝ።

በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ።

በሩ አልተዘጋም። የፀሐይዋ ብርሃን እስከ ውስጥ ገባ።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ነው። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ... ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚተነፍስ የለም። ጋሽ ገሜዳ መሃላቸው ናቸው። ከአጠገባቸው ዱሬቲ።

በሁለቱ መካከል የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር።

እትዬ ድንቅነሽ እንስራውን አወረዱ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።