የሰፋሁት ቀበቶ

ያልሆነውን ሆነ ብዬ ከጻፍኩ እጄ ይድረቅ። ይህ በእኛ ቤት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሆኗል።

ጥፋቱ የኔ ነው።

የመኪናው ወንበር ቀበቶ በእርጅና የተበጠሰ መስሎኝ ነበር... ያረጀ ነገር ጫፉ ይተለተላል። የዚያ ቀበቶ ጫፍ ግን ቀጥ ያለ ነበር። በስለት የተቆረጠ።

ሠላሳ ዓመት መቀስ የያዝኩ ልብስ ሰፊ፣ ይህን ያስተዋልኩት ከረፈደ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልጄ መካኒክ ናት። አባቷ "ብሎን" ይላታል፤ ትንሽ ብትሆንም እሷ ከላላች ቤቱ ይፈርሳል ማለቱ ነው። ባጠራቀመችው ገንዘብ አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ገዛች። ሁለት በር ያላት፣ ቀይ ቀለሟ የገረጣ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሮጠች።

እኔ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር አምቡላንስ የሚታየኝ ሴት ነኝ።

"ይቺ መኪና ሰው ትጨርሳለች" አልኳት።

"እማዬ ደግሞ! ሞተር የላትም እኮ። በምኗ ትጨርሰኛለች?"

እውነቷን ነው። ሞተሩ ወርዶ የቤታችን ጋራዥ ጥግ ተቀምጧል። ጎማዎቹ ተፈተዋል። መኪናዋ አራት ግንዲላ ላይ ቆማለች። ባትሪ እንኳ የላትም።

ወንበሮቹን አዲስ ሽፋን እንዳለብሳቸው ለኔ ሰጠችኝ። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ቀበቶ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

"እሱን ተይው፣ አዲስ እገዛለሁ" አለችኝ።

እኔ ግን የተቀደደ ካልሲ እንኳ መጣል ያሳዝነኛል። በቀይ ክር ደርቤ ሰፋሁት። አባቷ ሊበጥሰው ጎትቶ ጎትቶ ሲያቅተው "ይሄ ዝሆን ያስራል" ብሎ ሳቀ።

ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

ሰኞ ጠዋት ቀበቶው ታስሮ አገኘነው። ባዶ ወንበር ላይ።

"አባዬ፣ አንተ ነህ?"

"እኔ እዚያ ውስጥ ከገባሁ የምወጣው በክሬን ነው" አለ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

ሳቅን። ልጄ ፈታችው።

ማክሰኞም ታስሮ ተገኘ። አሁንም ፈታችውና፣ ዳሽቦርዱን ልትገጥም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዋለች።

ረቡዕ... ረቡዕ ማንም አልሳቀም።

ቀበቶው ታስሯል። ግን ወንበሩ ላይ አልተኛም። ወደ ፊት ወጥቶ ቆሟል... የሰው ደረት እንዳቀፈ።

አዲሱ ሽፋን ጎድጉዷል። በዚያ በኩል ያለው መስታወት ብቻ፣ ከውስጥ፣ በእንፋሎት ተሸፍኗል።

ልጄን አየኋት። ቀልዷ ሁሉ ጠፍቷል።

"እማዬ..." አለች በሹክሹክታ። "ትናንት ማታ ከሥር ተኝቼ ስሠራ... ከላይ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺን ላለማስፈራት ብዬ።"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሿን ስቆጥር አነጋሁ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ፣ መኪናዋን ለሸጡላት ሽማግሌ ደወልኩ።

"አባቴ፣ ስለ መኪናዋ ቀበቶ ነበር..."

"ነካችሁት?"

"ሰፋሁት።"

 ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ እኔ እኮ የቆረጥኩት የታሰረው እንዲነሳ ብዬ ነው።"

"ማን?"

"ሰው ተቀምጦበታል? ከሰፋሽው በኋላ?"

 ልጄ ናት ማለት አቃተኝ። ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ብደውል አያነሱም።

መቀሴን ይዤ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ስፌቴን ልተረትር። ልጄና አባቷ ተከትለውኝ ገቡ።

እንደታሰረ ያለውን ቀበቶ ከላይ እስከ ታች በጣቴ ዳሰስኩት።

ስፌት የለም።

ቀዩ ክር የለም። ቀበቶው ከፋብሪካ እንደወጣ ድፍን ነው። መቀሱ አልቆርጥ አለ። አባቷ የብረት መጋዝ አመጣ፤ መጋዙ ዶለዶመ።

"ወደ ቤት ግቢ!" ብዬ ልጄን እየገፋሁ ወጥ ቤት ወሰድኳት። ጋራዡንና ወጥ ቤቱን የሚለየው አንድ በር ነው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። እኔው በእጄ።

ተመልሼ ስገባ...

ቀበቶው ተፈቷል። ላልቶ ተንጠልጥሏል። የወንበሩ ጉድጓድ፣ ዓይናችን እያየ፣ ቀስ ብሎ ሞላ... ሰው ከላዩ እንደተነሳ።

"ተመስገን፣ ሄደ" አለ አባቷ ላቡን እየጠረገ። "ነገ ለብረት ገዢ እሰጣታለሁ።"

ማመን ፈለግኩ። እግዜር ያውቃል፣ በጣም ፈለግኩ።

ተያይዘን ወደ ወጥ ቤት ወጣን። ሰዓቱን አየሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ። አባቷ የጋራዡን በር ስቦ ዘጋው። ቁልፉን አዞረ።

ቀጭ።

ያ በር ሲቆለፍ አንድ ጊዜ ነው የሚጮኸው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ።

እኔ ሁለት ሰማሁ።

ሁለተኛው ከኋላዬ ነበር።

ዞርኩ። ልጄ እንዳስቀመጥኳት ወንበሩ ላይ ናት። ሸሚዟ ግን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ፣ በሰያፍ፣ ተጨማዶ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። የያዛት ነገር አይታይም።

ልትነሳ ሞከረች።

"እማዬ..." አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ማን ነው ያሰረኝ?"

ጠጋ አልኩ። ደረቷ መሃል፣ ምንም በሌለበት፣ ቀይ ክር።

ደርቤ የሰፋሁት። የኔ ስፌት።